ገልብጡት፣ ጀርባውን እዩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለጋዜጣ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ጋዜጣ ሳነብ ከራሴ ጋር ተጨቃጭቄ አጣጥፌ የማስቀምጥ ሰው ነኝ። ሰሞኑን በባህል ዓምዳችሁ እንግሊዞች ድሮ ሁለት ጨርቅ ደርበው በመሀሉ ገመድ እየሳቡ ስለሚሰፉት ነጭ የአልጋ ልብስ ያወጣችሁትን አጭር ጽሑፍ ሳይ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ፎቶው ሥር «በእጅ የተሰፋ» ይላል። አይደለም። ያ የአልጋ ልብስ በሽመና የወጣ ነው፤ ምናልባት ጠርዙ ካልሆነ በቀር መርፌ አልነካውም። እሱስ ይለፍ፣ ስንት ሰው ተሳስቶበታል። ያናደደኝ ከሥሩ ያለው ነው። ሥራው «ቀለም ስለሌለው ቀላል» እንደሆነ፣ «የትልልቅ ቤት ወይዛዝርት ጊዜ መግደያ» እንደነበር ጻፋችሁ። ቀላል የምትለዋን ቃል ሳነብ የግራ እጄ ሌባ ጣት፣ መርፌ የበላት ቦታ ላይ ቆጥቆጥ አደረገችኝ።

እኔ ለንደን ነው የምኖረው፤ ልብስ አስተካካይ ነኝ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሙሽራ ሠርጓ አራት ቀን ሲቀረው ከስታ ወይ ወፍራ ስትመጣ ቀሚሷን አጠባለሁ ወይ አሰፋለሁ። ስለዚህ የምጽፈው እንደ ታሪክ አዋቂ ሳይሆን እንደ ሰፊ ነው። ዓመተ ምሕረት ስጠቅስ ሁሉም በፈረንጆቹ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ልናገር፤ ጽሑፋችሁ ውስጥ ተድበስብሷል። ሁለት ጨርቅ ይደረባል። የላይኛው ደቃቅ፣ ጠበቅ ብሎ የተሸመነ የተልባ እግር ነው፤ ፈረንጆቹ ሊነን የሚሉት። ገበሩ ሳሳ፣ ላላ ያለ ነው። ንድፉ ይሳላል። ከዚያ እያንዳንዱ የንድፍ መስመር በአንድ ስፌት ሳይሆን በሁለት ይሰፋል፣ ጎን ለጎን፣ ሁለት ወይ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ተራርቆ። በሁለቱ ስፌቶች መካከል ጠባብ መተላለፊያ ይፈጠራል። በዚያ ውስጥ ከጀርባ በኩል ገመድ ይሳባል፤ ገመድ ስል ሲባጎ መሳይ ለስላሳ የጥጥ ወይም የተልባ እግር ክር ማለቴ ነው። የሱሪ ወገብ ውስጥ ላስቲክ በመርፌ ቁልፍ አስገብታችሁ ታውቁ የለ? እሱ ነው። ልዩነቱ መተላለፊያው የክብሪት እንጨት የሚያህል መሆኑና ቀጥ ብሎ አለመሄዱ ነው። ቅጠል ይሆናል፣ ሮማን ይሆናል፣ ላባ ይሆናል፣ ይጠማዘዛል፣ ራሱ ላይ ይዞራል። ገመዱ ሲገባ መስመሩ ከጨርቁ ላይ ብድግ ይላል። ነጭ ጨርቅ፣ ነጭ ክር፣ ነጭ ገመድ። ሌላ ምንም የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ይሄ ብርድ ልብስ አይደለም። ባዘቶ መሀል ገብቶበት የሚሰፋው ወፍራም የአልጋ ልብስ ሌላ ነው፣ እሱ ለሙቀት ነው። ይሄኛው ግን መሀሉ ባዶ ነው፤ ገመዱ ካለበት መስመር በቀር ሁለት ጨርቅ ብቻ ነው። ማንንም አያሞቅም። የሚሰጠው ነገር ቢኖር ቅርጽና ጥንካሬ ነው። ጨርቁ በገመድ ሲሞላ ቆም ይላል፣ ሰውነት ያገኛል፤ በሰደርያ ሆነ በቆብ ላይ የተፈለገውም ለዚህ ነው። በዓይን ደግሞ የሚሰጠው ጥላ ነው።

ስለ ጥላው የነገሩኝ አንዲት አዛውንት ናቸው። ወደ ልብስ ሥራ ከመመለሴ በፊት ጥቂት ዓመታት አረጋውያን እየተንከባከብኩ ነበር የምተዳደረው። ሴትዮዋ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ሻይ በሰዓቱ ካልቀረበ የሚቆጡ፣ ሲበዛ ግን ቀና ሰው ነበሩ። አንድ ምሽት የቁም ሳጥኑን የታችኛ መሳቢያ ክፈቺ አሉኝ። በትራስ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አወጣሁ። የሕፃን ቆብ ነው። ሦስት ቁራጭ ጨርቅ፤ ሁለቱ ጎንና ጎን፣ አንዱ ከግንባር ተነሥቶ እስከ ማጅራት የሚወርድ። እኔ የታየኝ ያረጀ ነጭ ጨርቅ ነው። ምን አላት ይቺ አልኩ በልቤ። ፊቴ ላይ አነበቡት መሰለኝ፣ «እንደዚያ አይደለም፣ የጣሪያውን አጥፊና ከጎን አሳዪው» አሉኝ።

የጣሪያውን መብራት አጠፋሁ። የራስጌዋን ትንሽ መብራት አበራሁና ቆቡን ከጎኗ ያዝኩት። ጉድ ነው! ጨርቁ ላይ አትክልት በቀለ። አንድ ግንድ ከማጅራቱ ይነሣና እየተጠማዘዘ ወደ ግንባር ይወጣል፤ ቅጠሎቹ ግራና ቀኝ፣ ጫፉ ላይ ትልቅ አበባ። የእያንዳንዱ መስመር አንድ ጎን ያበራል፣ ሌላው ጎን ይጨልማል። በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ቦታ ደግሞ ባዶ አልተተወም። እንጨት የበላ ትል እንደሚሄደው፣ ገመዱ እየዞረ እየተጠማዘዘ ሞልቶታል፣ አንድም ቦታ ራሱን ሳያቋርጥ። በአውራ ጣቴ ጥፍር ስፋት ላይ አራት ገመድ ቆጠርኩ። መብራቱን ወደ ላይ ከፍ ሳደርገው ሁሉም ጠፋ፣ ያው ያረጀ ነጭ ጨርቅ። ዝቅ ሳደርገው ተመልሶ መጣ። እንደ ልጅ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንዳደረግኩት አላስታውስም፣ ሻዩ ቀዘቀዘና ተቆጡኝ።

እንግዲህ ያንን ያየ ሰው ቀለም ስለሌለው ቀላል ነው አይልም። ቀለም ያለው ጥልፍ ስህተት ይደብቃል፤ አንድ ቅጠል ቢዛነፍ ቀዩ አበባ ዓይንን ወደ ራሱ ይወስዳል። እዚህ መደበቂያ የለም። ሁለቱ ስፌቶች ትንሽ ከተራራቁ ገመዱ ውስጡ ይላወሳል፣ መስመሩም ይሞታል። ከተቀራረቡ ገመዱ አይገባም፣ ወይም ተገዶ ሲገባ ጨርቁን ይሸበሽበዋል።

የእንግሊዞቹ ሥራ ደምቆ የታየው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 18ኛው አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። ጽሑፋችሁ የአልጋ ልብስ ብቻ አድርጎታል፤ ብዙው ግን የሚለበስ ነበር። የወንድ ሰደርያ አለ። ወንዶቹ ዊግ ለማድረግ ፀጉራቸውን ይላጩ ስለነበር ቤት ሲገቡ ዊጉን አውልቀው የሚያደርጉት ቆብ አለ። ሴቶች ቤት ውስጥ ሲሆኑ በጠንካራው ኮርሴት ፋንታ የሚለብሱት ማጠንከሪያ ዘንግ ያልገባበት ለስላሳ የደረት ልብስ አለ። ከቀሚስ ሥር የሚለበስ ጉርድ አለ። የሕፃን ቆብና የሕፃን መሸፈኛ አለ። እኔን ሁሌ የሚያስቀኝ ኪሱ ነው። ያኔ የሴት ቀሚስ ላይ ኪስ አይሰፋም። ኪስ ራሱን የቻለ ከረጢት ነበር፣ በማሰሪያ ወገብ ላይ ታስሮ ከጉርዱ ሥር ይንጠለጠላል፣ በቀሚሱ ጎን በተተወ ቀዳዳ እጅ ይገባል። ማንም የማያየው ነገር ነው። እሱ ላይ ነው እንግዲህ ያንን ሁሉ ገመድ የሳቡበት። ለማን ይታይ ብለው? ለራሳቸው ነዋ።

ነጭነቱም ዝም ብሎ ምርጫ አልነበረም። ነጭ የተልባ እግር ይቀቀላል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይነጣል። ቀለሙ ይለቅ ይሆን ብሎ የሚሰጋ የለም። ላብ ለሚነካው ቆብና ለሕፃን ልብስ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ሌላም ነገር አለ። በእነዚያው ዓመታት እንግሊዝ ከህንድ የሚገባውን ባለ ቀለም ጥጥ ከልክላ ነበር። የመጀመሪያው ሕግ በ1700 ወጣ፤ በ1721 የወጣው ደግሞ ባለ ህትመት ጥጥ መልበስንም ሆነ ቤት ውስጥ ለመጋረጃና ለአልጋ ልብስ መጠቀምን ጭምር ከለከለ፣ እስከ 1774 ድረስም ቆየ። የሱፍና የሐር ሸማኔዎች ጮኸው ያስወጡት ሕግ ነው። ነጭ ጨርቅ ላይ በነጭ ክር መሥራት ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነበር። ሥራው የተወደደው በዚህ ብቻ ነው አልልም፣ ግን የሚጎዳ አልነበረም።

ከየት መጣ ለሚለው፣ ጽሑፋችሁ «የእንግሊዞች ፈጠራ» ብሎታል። ኧረ አይደለም። እዚሁ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ከሲሲሊ የመጣ አንድ ትልቅ የአልጋ ልብስ አለ። ከ1360 እስከ 1400 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው ይባላል። ትሪስታን የሚባለውን የድሮ አውሮፓ ጀግና ፈረሰኛ ተረት በስፌት ይተርካል፣ ፈረሰኞቹ፣ መርከቦቹ፣ የአጎቱ የንጉሥ ማርቆስ ነገር፣ ጽሑፉ ሳይቀር በሲሲሊ ቋንቋ ተሰፍቶበታል። ሌላው ክፍል ፍሎረንስ ባርጄሎ ሙዚየም ይገኛል። እሱ በገመድ ሳይሆን ምስሎቹ ሥር ጥጥ ተጠቅጥቆ ነው ብድግ ያሉት፤ ዘመዱ ነው እንበል። ወደ ሙዚየሙ መጀመሪያ የሄድኩት ግን ለዚህ አልነበረም። በ2018፣ ከመቅደላ 150 ዓመት በኋላ፣ የመቅደላን ዕቃዎች ለእይታ ሲያወጡ ነው የሄድኩት። የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባለው የሐር ጥልፍ ያለበት የጥጥ ቀሚስ ፊት ቆሜ ስንት ደቂቃ እንደፈዘዝኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚያ ብጽፍ ሌላ ደብዳቤ ይሆናል፣ ቁጣውም ሌላ ነው። ብቻ ሰፊ ሆኖ ለተፈጠረ ሰው ያ ቤት አደገኛ ነው፤ አንዱን ልታይ ገብተህ ሌላው ጋ ይመሻል። መግቢያው ደግሞ ነፃ ነው።

ገመዱን ትልቅ ንግድ ያደረጉት የማርሴይ ሰዎች ናቸው። በደቡብ ፈረንሳይ፣ በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ የማርሴይ የስፌት ቤቶች ነጩን ሥራ በብዛት እየሠሩ በመርከብ ወደ ውጭ ይልኩ ነበር፤ እንግሊዝም አንዷ ገዢ ናት። እንግሊዞቹ የሥራውን ስም ራሱን «ማርሴይ» ብለው ነው የያዙት። ከዚህ ላይ በህንድ ምሥራቅ፣ ቤንጋል ውስጥ በቢጫ ሐር እየተሰፉ ለፖርቱጋሎች ይሠሩ የነበሩት የአልጋ ልብሶችም ወደ አውሮፓ ገቡ። እንግሊዛውያን ሰፊዎች ከሁሉም ተምረው የራሳቸውን አወጡ። ልዩ የሚያደርጋቸው ስፌታቸው ነው። መርፌ ወጣ ገባ እያለ የሚሄደው ተራ ስፌት በአንዱና በሌላው መሀል ክፍተት ይተዋል። እነሱ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ እርምጃ ሄደው ወደ ኋላ እየተመለሱ ነው የሚሰፉት። መስመሩ ከፊት ሲታይ ምንም ክፍተት የለውም፣ የተነጠፈ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚሳሳተው። መስመሩ እንዲህ ጥርት ስላለ ሰው አይቶ «ይሄማ የመኪና ስፌት ነው» ይላል። የልብስ ስፌት መኪና ቤት ውስጥ የገባው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው፤ ሥራው ከዚያ መቶ ዓመት ይቀድማል። በተቃራኒው በሽመና የወጣውን አይቶ «በእጅ ነው» ይላል፣ እናንተ እንዳላችሁት።

የሽመናው ታሪክ ራሱ አስቂኝ ነው። የማርሴይ ሥራ ተወደደ፣ ውድ ነው፣ ጊዜ ይፈጃል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንግሊዞች በሽመና ልናስመስለው እንችላለን ወይ ብለው ተነሡ። በ1754 ለንደን ላይ የተቋቋመው ኪነ ጥበብን፣ ማምረትንና ንግድን የሚያበረታታው ማኅበር ለዚህ ሽልማት ሁሉ አቀረበ። ተሳካላቸው። ሁለት ጨርቅ በአንድ ጊዜ እየተሸመነ፣ መሀሉ ወፍራም ማግ እየገባ፣ የላይኛውና የታችኛው ድር እየተያያዘ ንድፉ ብድግ እንዲል ተደረገ። መርፌ የለ፣ ገመድ መሳብ የለ። ላንካሸር ውስጥ ቦልተን የምትባል ከተማ በዚህ ታወቀች። ቆይቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ንድፉን በተበሱ ካርዶች የሚያወጣው የዣካርድ የሽመና መሣሪያ ሲመጣ ትልልቅ የአልጋ ልብሶች በብዛት ወጡ፣ መካከለኛ ኑሮ ያለው ሁሉ አልጋው ላይ አነጠፈው። «ማርሴላ» የሚባለው ጨርቅ ስሙ ከማርሴይ የመጣ ነው። ወንዶች በነጭ የቢራቢሮ ክራቫት ሲለብሱ ሸሚዛቸው ደረት ላይ ያለው ፍርግርግ መሳይ ደረቅ ነጭ ጨርቅ እሱ ነው። የእናንተ ፎቶ ላይ ያለው የአልጋ ልብስም የዚሁ ልጅ ነው። መጥፎ ነው አላልኩም፤ ጎበዝ ሸማኔ ያወጣው ነው። ብቻ በእጅ የተሰፋ አይደለም።

ታዲያ በምን ይለያል? ገልብጡት። ነገሩ ሁሉ ጀርባው ላይ ነው።

በእጅ የተሰፋ ከሆነ ጀርባው ላይ ስፌቱ ሌላ መልክ አለው። ከፊት እንደ ነጥብ የተሰለፈው ከኋላ ረዘም ብሎ እየተደራረበ፣ እንደ ቀጭን ጉንጉን ይሄዳል። ክሩ የት እንዳለቀና የት እንደተቀጠለ ይገኛል። ጣታችሁን ቀስ አድርጋችሁ ብታስኬዱ ገመዱ የገባበትና የወጣበት ቦታ ይነካል። ገበሩን በሁለት ጣት ቆንጠጥ ብታደርጉት ገመድ በሌለበት ቦታ ከላይኛው ጨርቅ ይላቀቃል። ትልቅ የአልጋ ልብስ ከሆነ ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያ ታገኛላችሁ፤ የዚያን ጊዜ ጨርቅ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ወይ ሦስት ተቀጥሎ ነው አልጋ የሚሸፍነው። ሁለት ቅጠሎች ደግሞ አንድ አይሆኑም። በሽመና የወጣው ጀርባው ላይ አንድም የመርፌ ስፌት የለውም፣ ድርና ማግ ብቻ ነው። ንድፉ ሲደጋገም ከነስህተቱ ይደጋገማል። አንዴ አንድ የገበያ ነጋዴ «ሦስት መቶ ዓመት የሆነው፣ በእጅ የተሰፋ» እያለ አንዱን ሊሸጥልኝ ሲል ጫፉን ይዤ ገለበጥኩት። ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። ዋጋው ግን እዚያው ቆሜ ሳለሁ ወረደ፣ ሳልጠይቀው።

አሁን የኔን ጉድ ልንገራችሁ፣ ቀላል ነው ላላችሁት መልስ እንዲሆን። ያንን ቆብ ካየሁ በኋላ እጄ አላርፍ አለ። አንድ መሐረብ የሚያህል የተልባ እግር ገዛሁ፣ አጠብኩት፣ ተኮስኩት። አንድ አበባና አምስት ቅጠል በእርሳስ ነደፍኩ። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ እሰፋለሁ። እኔ እንኳ በስፌት የምኖር ሰው፣ አንዲቱን ቅጠል በሁለት መስመር ለመዝጋት አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀብኝ፤ ጎረቤቴ መጥታ ምን እየሠራሽ ነው ስትለኝ አሳየኋት፣ አየችውና «የታለ?» አለች። ሦስት ሳምንት ሄደ። ገመድ መሳቡ ሌላ ሙያ ነው። መርፌው ወፍራም፣ ጫፉ ደነዝ መሆን አለበት፤ ሹል ከሆነ የላይኛውን ጨርቅ ይበሳዋል። ከጀርባ ስትገቢ የገበሩን ክር አትቆርጪም፣ ትገልጪዋለሽ፣ ሰፌድ ሠሪ ወስፌዋን ስታስገባ እንደምታደርገው። ገመዱ ካለፈ በኋላ በመርፌው ጫፍ የተገለጡትን ክሮች መልሰሽ ትገጥሚያቸዋለሽ፣ ቀዳዳው ይጠፋል። የቅጠሉ ጫፍ ላይ ስትደርሺ ነው ጉዱ። መርፌው ሹል ማዕዘን ላይ አይዞርም። ስለዚህ እዚያ ትወጪያለሽ፣ በዚያው ቀዳዳ ተመልሰሽ ትገቢያለሽ፣ ግን ገመዱን ጥብቅ አድርገሽ አትጎትቺም። ሰሊጥ የምታህል ትርፍ ከኋላ ትተያለሽ። ያቺ ትርፍ ከሌለች ቅጠሉ ጫፉን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ይሄ የኔ ዘዴ ነው፤ አንዳንድ የድሮ ሥራ ላይ ግን ገመዱ በኋላ አልተሳበም፣ ከሥር እየተነጠፈ ከኋላ በኩል መርፌው ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየተሻገረበት አብሮ ነው የተሰፋው። ያንን እስካሁን አልደፈርኩትም።

ጨረስኩ። ከጎን መብራት አሳየሁት፤ ቆቡ ባይሆንም አበባ ነው። ደስ አለኝ። የእርሳሱ ምልክት እንዲለቅ ሞቅ ባለ ውሃ ዘፈዘፍኩት። ጠዋት ሳየው ቅጠሉ እንደ ቋንጣ ተሸብሽቧል! ምን ሆነ? ጨርቁን አጥቤ ነበር፣ ገመዱን አላጠብኩትም። አዲስ የጥጥ ገመድ ውሃ ሲነካው ያጥራል፣ ሲያጥር ጨርቁን ይዞት ይሄዳል። ሱሪ ከማሳጠሬ በፊት «ጨርቁ ታጥቧል ወይ?» ብዬ ደንበኛ የምጠይቅ ሰው፣ ራሴን አልጠየቅሁም። ካውያ ባደርግበት ጭራሽ ገመዱን ጨፈለቅሁት። አሁን ገመድ ስገዛ ከነልቃቂቱ የፈላ ውሃ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ሌሊቱን ያድርበታል።

ለዚህ ነው «የወይዛዝርት ጊዜ መግደያ» የሚለውን የማልቀበለው። አንዳንዱ በቤት የተሠራ ነው፣ አልክድም፤ መርፌ መያዝ የማታውቅ ወይዘሮ ያኔ አልነበረችም። ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ በዚህ የሚተዳደሩ ሰፊዎች ነበሩ፤ ተሰፍቶ ያለቀ ጉርድ ገዝተሽ የምትወጪባቸው ሱቆች ነበሩ። በማርሴይም ስፌት ቤቶቹ ውስጥ ይቀመጡ የነበሩት ሴቶች ለክፍያ ነው የሚሰፉት። ያንን ስፌት ያየ እጅ ያውቀዋል። ከግማሽ በላይ ሥራውን ከጀርባ በኩል ጎንበስ ብሎ እየሠራ፣ የመስኮት ብርሃን ሳያልቅ ልጨርስ የሚል ሰው ስፌት ነው። ስማቸው የትም የለም። ስለዚህ ቢያንስ ሥራቸውን የወይዘሮዋ ጨዋታ አናድርገው።

ሥራው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አንዴ ተመልሶ መጥቶ ነበር። በ1920ዎቹና በ30ዎቹ የሴቶች መጽሔቶች ንድፍ እያወጡ ትራስና የሌሊት ልብስ ማስቀመጫ በሳቲን ይሠራበት ጀመር፣ ስሙንም «የጣልያን ስፌት» አሉት። ያ ግን ገመዱ ወፍራም፣ መስመሩ ጥቂት ነው። እኔ ብዙም አይጥመኝም፤ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ላይ ጥላው ከብልጭታው ጋር ይጣላል። በ1979 የብሪታንያ የድርብ ጨርቅ ስፌት ሠሪዎች ማኅበር ተቋቁሟል፣ የድሮ ሥራዎችንም ይሰበስባል። በ2010 ደግሞ ቪክቶሪያና አልበርት ከ1700 ወዲህ ያሉትን የአልጋ ልብሶች ሰብስቦ ትልቅ ትርኢት አሳይቶ ነበር። እኔ ያኔ ስለዚህ ነገር ምንም አላውቅም፣ አመለጠኝ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ይሄን ሁሉ የጻፍኩበት ሌላም ምክንያት አለ። እዚህ አገር ስንት የኛ ሰው አሮጊትና ሽማግሌ ይንከባከባል፣ ቤት ያጸዳል፣ ሰው ሲሞት ቤት ባዶ ሲደረግ ያግዛል። መሳቢያ ሥር በትራስ ልብስ የተጠቀለለ ነጭ ነገር መጀመሪያ የሚነካው የእነሱ እጅ ነው። ቤተሰቡ «አሮጌ ጨርቅ ነው ጣዪው» ሊላት ይችላል። ከመጣሏ በፊት መብራት ጎን ታድርገው፣ ከዚያ ትገልብጠው። ስፌት ካየች ለቤተሰቡ ትንገራቸው። ማጠቢያ ማሽን ውስጥ እንዳታስገባው ደግሞ፣ በአምላክ! ባይታጠፍም ይሻላል፤ አንድ ቦታ ላይ እየታጠፈ የኖረ ጨርቅ እዚያው ላይ ነው የሚበጠሰው። መጠቅለል ይሻላል።

የአዛውንቷ ቆብ የት እንደደረሰ ብትጠይቁኝ፣ እሳቸው ሲያርፉ የልጅ ልጃቸው ወሰደችው። የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ምን እንዳለ አስቀድሜ ነግሬያት ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዕትም የፎቶው መግለጫ ቢታረም ደስ ይለኛል። በእጅ የተሰፋ ፎቶ ካጣችሁ የኔን መሐረብ ከፊትም ከጀርባም አንስቼ እልክላችኋለሁ፣ ከጎን መብራት ጋር። የተሸበሸበው ቅጠል ግን አብሮ ይወጣል፣ ቆርጣችሁ እንዳታወጡት።

አንባቢያችሁ
ከለንደን